በካርቱም የጠፋችው አንዲት ሰዓት

ለብዙ ገጽ የሚያገለግል አንድ ክፍል ሲበላሽ ምርመራው ከወዴት ይጀመራል?

በአንድ ግቢ ለሚኖሩ አሥር ቤተ ሰቦች አንድ ወፍጮ ቢኖራቸው፥ ወፍጮው በደኅና በሚሠራበት ቀን አሥሩም ይጠቀማሉ፤ ድንጋዩ በተበላሸ ዕለት ግን በአሥሩም ቤት የሚጋገረው እንጀራ አሸዋ አሸዋ ይላል። በዚያን ጊዜ እያንዳንዲቱ የቤት እመቤት ወንፊትዋን ብትለውጥ፥ ምጣድዋን ብታስስ፥ ወይም ሠራተኛዋን ብትቈጣ ነገሩ አይቃናም፤ ጥፋቱ ያለው ከወፍጮው ዘንድ ነውና። በዛሬው ዘመን መሥሪያ ቤቶች የሚገለገሉባቸው የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችም እንደዚህ ያለ ጠባይ አላቸው። አንድ ጊዜ ተሠርቶ በብዙ ቦታ የሚያገለግል ክፍል በታመመ ጊዜ፥ በሽታው ከየት እንደ ተነሣ እንዴት እንደሚመረመር፥ በካርቱም ከተማ የደረሰውን አንድ ነገር ምሳሌ አድርገን ለአንባብያን ለማስረዳት አስበናል።

ፖርታል ምንድን ነው?

«ፖርታል» የሚለው ቃል በጥንተ ትርጕሙ ታላቅ በር ማለት ነው። በኢንተርኔት ሥራ ግን፥ ባለጕዳዩ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሳይንከራተት ማስታወቂያውን፥ ማመልከቻውን፥ ቀጠሮውንና የመልስ ደብዳቤውን በአንድ ቦታ የሚያገኝበት ሰፊ ገጽ ነው። ገጹ ከውጭ ሲያዩት አንድ ይመስላል፤ በውስጡ ግን እንደ ቤት መስኮቶች በተራ የተተከሉ ትናንሽ ክፍሎች አሉበት። አንደኛው መስኮት የዕለቱን ማስታወቂያ ያሳያል፤ ሁለተኛው የቀጠሮ ተራ ይጠራል፤ ሦስተኛው የባለጕዳዩን ስምና የመዝገብ ቍጥር ያቀርባል። በጃቫ ቋንቋ በተሠሩት ፖርታሎች ዘንድ እነዚህ መስኮቶች «ፖርትሌት» ይባላሉ። እነርሱን አቅፎ የሚይዘው፥ የባለጕዳዩም ጥያቄ በመጣ ጊዜ ለሚገባው መስኮት የሚያደርሰው ፕሮግራም «ኮንቴይነር» ይባላል፤ ይኸውም መያዣ ማለት ነው።

ፖርትሌት በምን ሥርዓት መሠራት እንዳለበት የሚወስነው የመጀመሪያው የጋራ ደንብ በ2003 ወጣ፤ ሁለተኛውም በ2008 ተከተለው። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» የሚል ካልተጨመረበት በቀር ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) የደንቡ ዓላማ፥ አንድ ባለሞያ የሠራው መስኮት ደንቡን በተቀበለ በማናቸውም ፖርታል ውስጥ እንዲተከል ለማድረግ ነው። ላይፍሬይና ጄትስፒድ፥ እንዲሁም በዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ የታወቀው ዩፖርታል፥ ይህን ደንብ ተቀብለው ከሠሩት መካከል ናቸው። ጥቅሙ ለማንም ግልጽ ነው፤ አንድ ጊዜ የተደከመበት ሥራ መቶ ጊዜ ያገለግላል። ነገር ግን የሚያገለግልበት ቦታ በበዛ መጠን፥ በተበላሸ ዕለት የሚያደርሰውም ጕዳት በዚያው መጠን ይበዛል።

ሰዓት የተለወጠበት ቀን

ሱዳን እስከ 2000 መጀመሪያ ድረስ ሰዓቷ ከግሪኒች ሰዓት በ2 ሰዓት ይቀድም ነበር። በጃንዋሪ 15 ቀን 2000 ግን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ገፋችው፤ ስለዚህ ካርቱምና አዲስ አበባ በአንድ ሰዓት የሚተዳደሩ ሆኑ። ይህ ከ17 ዓመት በላይ ከቈየ በኋላ፥ በኖቬምበር 1 ቀን 2017፥ ማለት በጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም.፥ ሱዳን ወደ ቀድሞው ሰዓቷ ተመለሰች። ፀሐይም ለዚህ ውሳኔ ምስክር ናት፤ ካርቱም ባለችበት ስፍራ ፀሐይ በሰማይ መካከል የምትደርሰው፥ የዓመቱ አማካይ ሲታሰብ፥ በተመለሰው ሰዓት ከእኩለ ቀን 10 ደቂቃ ያህል ቀድማ ነው፤ በተተወው ሰዓት ግን 50 ደቂቃ ያህል ትዘገይ ነበር።

በካርቱም ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይህ ለውጥ ቀላል አልነበረም። እኛ ቀኑን ከንጋት ጀምረን ስለምንቈጥር፥ ሱዳናዊው «ከጧቱ 9 ሰዓት» የሚለውን እኛ «ከጧቱ 3 ሰዓት» እንላለን። ከዚያ በፊት ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ አሥመራ ስልክ የሚደውል ሰው ይህን የስድስት ሰዓት የአቈጣጠር ልዩነት ብቻ ቢያስብ ይበቃው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንዲት ሰዓት ተጨመረችበት፤ በካርቱም ከጧቱ 3 ሰዓት በሆነ ጊዜ በአዲስ አበባ 4 ሰዓት ሆነ። ሰው ግን የግድግዳውን ሰዓት በጣቱ መልሶ ሥራውን ይቀጥላል፤ መሣሪያ ያልተነገረውን አያውቅም።

ኮምፒዩተር ጊዜን የሚይዘው ለዓለም ሁሉ አንድ በሆነ መለኪያ ነው። ያንን ወደ አገር ሰዓት የሚመልሰው፥ እያንዳንዱ ከተማ ከዚያ መለኪያ በስንት ሰዓት እንደሚለይ የተጻፈበትን ሠንጠረዥ ተመልክቶ ነው። ሠንጠረዡን የሚያሰናዱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ከ2011 ጀምሮም የሚታተመው የኢንተርኔትን ስሞችና ቍጥሮች በሚያስተዳድረው፥ «አያና» በተባለው ድርጅት በኩል ነው። የሱዳንን ለውጥ የያዘው እትም የወጣው በኦክቶበር 20 ቀን 2017 ነበር። ለውጡ ሊፈጸም የቀረው 12 ቀን ብቻ ስለ ነበረ፥ በየቦታው ያሉት ኮምፒዩተሮች ሁሉ በጊዜው እትሙን ያገኛሉ ማለት የማይታሰብ ነበር።

በዚሁ እትም ውስጥ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ይገኛል። እስከዚያን ጊዜ ድረስ ጁባ በሠንጠረዡ ውስጥ የራስዋ መስመር አልነበራትም፤ ስምዋ ወደ ካርቱም መስመር ብቻ ያመለክት ነበር። ደቡብ ሱዳን ግን በኖቬምበር 2017 ሰዓቷን አልለወጠችም። ስለዚህ አሰናጆቹ አስቀድመው ጁባን ከካርቱም ለይተው የራስዋን መስመር ሰጧት፤ ይህን ሳያደርጉ ቢቀሩ ኖሮ፥ ለካርቱም የተደረገው እርማት የጁባን ሰዓት ባበላሸ ነበር። ደቡብ ሱዳን በበኩሏ ወደዚሁ ሰዓት የገባችው በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021 ነው። እንግዲህ የጋራ የሆነውን ነገር የሚያርም ሰው ሁሉ እንደ እነዚህ አሰናጆች «ከእኔ ሌላ በዚህ የሚጠቀም ማን ነው?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።

የተሻረ ተራ

ሰዓቱ በተለወጠበት ቀን ጧት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለጕዳይ በካርቱም በአንድ መሥሪያ ቤት ተገኝቶ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ፖርታል የቀጠሮ ተራ የሚጠራ አንድ ፖርትሌት ነበረው፤ ያው ፖርትሌት በእንግዶች አዳራሽ፥ በጸሐፊዎች ጠረጴዛና በአለቃው ቢሮ በሚታዩት ገጾች ሁሉ ተተክሎ ነበር። ሕፃን ያዘለች አንዲት ኢትዮጵያዊት ሴት የልጅዋን የልደት ወረቀት ለማስመስከር መጣች። ወደ ጋላባት የሚሄደውን የአውቶቡስ ቲኬት ለማግስቱ ቈርጣ ነበር፤ ወረቀቱ ካልተመሰከረ ግን ከልጅዋ ጋር ድንበር ለመሻገር አትችልም ነበር። የግድግዳው ሰዓት 8 ከ40 ይላል፤ በእጅዋ ያለው የቀጠሮ ወረቀት ደግሞ 9 ሰዓት ይላል።

ጸሐፊው መዝገቡን ተመልክቶ፥ «እኅቴ፥ ተራዎ አልፏል፤ ተጠርተው አልተገኙም» አላት። እርስዋም በደነገጠ አረብኛ፥ «ወንድሜ፥ ቀጠሮዬ 3 ሰዓት ነው፤ ገና አልደረሰም» ብላ መለሰች። ጸሐፊው «3 ሰዓት» የሚለውን ሲሰማ ፈገግ አለና፥ «የሐበሾች የሰዓት አቈጣጠር ልዩ ነው፤ ጥፋቱ የእርስዎ ነው» አላት። ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዳሩ ግን ለመፍረድ ቸኰለ። ወረቀቱ በቍጥር 9 ሰዓት ይል ስለ ነበረ፥ ሴቲቱ በየትኛውም አቈጣጠር ብታስበው ሃያ ደቂቃ ቀድማ መጥታለች። ያልፈው መሣሪያው ነበር፤ 8 ሰዓት በሆነ ጊዜ «9 ሰዓት ሆኗል» ብሎ ጠርቷት፥ ባላገኛት ጊዜም «አልተገኘችም» ብሎ ጽፎባት ነበር። በዚያን ጧት እንደ እርስዋ ተራቸው የተሻረባቸው ሌሎችም ነበሩ። ጸሐፊው ወረቀቱን ከግድግዳው ሰዓት ጋር አስተያይቶ ነገሩ በገባው ጊዜ ግን ይቅርታ ጠይቆ ስምዋን በወረቀት መዝገብ ላይ በእጁ ጻፈላት፤ ጕዳይዋም ከቀትር በፊት ተፈጸመላት።

መድኀኒት የመሰለው በሽታ

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለባለሞያዎች ሁሉ ትምህርት ይሰጣል። በመጀመሪያ የተጠራው ወጣት ባለሞያ በአዳራሹ ገጽ ላይ ከሚታየው ሰዓት አንድ ሰዓት እንዲቀነስ አደረገ። የአዳራሹ ገጽ ተቃና፤ የጸሐፊዎቹና የአለቃው ገጾች ግን እንደ ተሳሳቱ ቀሩ። በማግስቱ ይኸንኑ ቅነሳ በፖርትሌቱ ውስጥ አስገባው። አሁን የሁሉም ገጽ ሰዓት ከግድግዳው ሰዓት ጋር ተስማማ፤ ነገር ግን ሰዎቹ አሁንም ከቀጠሯቸው አንድ ሰዓት ቀድመው ይጠሩ ነበር። ጥቂት ቀን ቈይቶም ሌላ ሠራተኛ ሳያማክረው የሰዓቱን ሠንጠረዥ አሳደሰ። እውነተኛው እርማት ከሐሰተኛው ጋር ተደራርቦ፥ 9 ሰዓት በሆነ ጊዜ ገጾቹ ሁሉ 8 ሰዓት ያሳዩ ጀመር።

በመጨረሻ የተጠራው፥ ባልደረቦቹ «ኡስታዝ» እያሉ የሚያከብሩት ሽማግሌ ባለሞያ ነበር። ሽማግሌው ምንም ነገር ከመንካቱ በፊት ደብተሩን አወጣና እስከዚያ ቀን የተደረገውን ሁሉ ከነጊዜው እንዲነግሩት ጠየቀ። ቀጥሎም ቅነሳውን አስወገደ፤ የተሳሳተ እርማት ባለበት ላይ ሌላ እርማት መጨመር፥ የቈሰለን ሰው ሳያጥቡ መጠቅለል ነው አለ። የቀድሞውን ነገር ለማየትም ሠንጠረዡ ያልታደሰበትን አንድ ሌላ ኮምፒዩተር መርጦ ፖርትሌቱን በባዶ ገጽ ላይ ለብቻው ተከለው፤ አሁንም ስሕተቱ ታየ። ስለዚህ ጥፋቱ የገጾቹ እንዳይደለ ተረዳ። የኮምፒዩተሩን ሥርዓተ ክወና ሰዓቱን ጠየቀው፤ ትክክለኛውን ሰዓት ተናገረ። ስለዚህ ጥፋቱ የመሣሪያው ሰዓት እንዳይደለ ታወቀ። በሦስተኛው ጃቫን ለብቻው «ካርቱም ከዓለም አቀፉ መለኪያ በስንት ሰዓት ይቀድማል?» ብሎ ጠየቀው፤ «በ3» ብሎ መለሰ። ምክንያቱ በዚህ ተገኘ። በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሁለት ሠንጠረዦች ነበሩ፤ አንደኛው የሥርዓተ ክወናው፥ ሁለተኛው የጃቫ የራሱ ነው። የመጀመሪያው ታድሶ ነበር፤ ሁለተኛው ግን አሮጌ ነበር።

ለምን አሮጌ ሆነ? አሜሪካ ከኖቬምበር 1997 ጀምራ በሱዳን ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ በአብዛኛው የተነሣው በኦክቶበር 12 ቀን 2017፥ ሰዓቱ ሊለወጥ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነበር። በእነዚያ ዓመታት በካርቱም ለሚሠራ ባለሞያ ፕሮግራም ከኢንተርኔት ማውረድ ብዙ ጊዜ የተዘጋ መንገድ ነበር፤ በጃንዋሪ 2010 ሶርስፎርጅ የተባለው ታላቅ የነጻ ፕሮግራሞች ማከማቻ ሳይቀር ለሱዳን በሩን ዘግቶ ነበር። በፌብሩዋሪ 2015 ለግል መገናኛ የሚያገለግሉ ፕሮግራሞችና ዕቃዎች ሲፈቀዱ ነገሩ ጥቂት ላላ። የዚያ መሥሪያ ቤት ጃቫም ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ዲስክ የመጣ ነበርና፥ ያመጣው ሰው በሄደ ጊዜ የሚያሳድሰው አልተገኘም።

ሽማግሌው የጃቫን ሠንጠረዥ በሁሉም ኮምፒዩተር አሳድሶ መያዣውን አጥፍቶ አስነሣው፤ ጃቫ ሠንጠረዡን የሚያነበው በሚነሣበት ጊዜ ነውና። ገጾቹ ሁሉ ተቃኑ። እርሱ ግን ሥራው አልተፈጸመም አለ። ቀድሞ የተያዙት ቀጠሮዎች የተመዘገቡት በዓለም አቀፉ መለኪያ ተለውጠው ነበር፤ 9 ሰዓት ተብሎ የተያዘው ቀጠሮ በአሮጌው ሠንጠረዥ 3 ተቀንሶለት «6» ተብሎ ተጽፎ ነበር። አዲሱ ሠንጠረዥ በዚያ 6 ላይ 2 ብቻ ስለሚጨምር ቀጠሮው 8 ሰዓት ሆኖ ይወጣል፤ ባለጕዳዩ የያዘው ወረቀት ግን አሁንም 9 ይላል። ስለዚህ ሠንጠረዡ ከመታደሱ በፊት ተይዘው፥ ሰዓቱ ከተለወጠ በኋላ የሚውሉት ቀጠሮዎች ከወረቀት መዝገቡ ጋር እየተመሳከሩ አንድ በአንድ ታረሙ፤ በስሕተት የተሻሩትም ተራዎች ተመለሱ። ለወደፊቱም ቀጠሮ በአገሩ ሰዓትና በከተማው ስም እንዲመዘገብ ተወሰነ።

ሌሎች ሁለት የታወቁ ሕመሞች

እንደዚህ ባሉት የጋራ ክፍሎች ላይ ዘወትር የሚታዩ ሌሎች ሁለት ሕመሞችም አሉ። አንደኛው የስም መጋጨት ነው። አንዱ ፖርትሌት በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ ሲተከል፥ በሁለቱም ውስጥ ያሉት ቍልፎች አንድ ዓይነት ስም ይዘው ከተገኙ፥ የሁለተኛውን ቍልፍ ሲጫኑ የመጀመሪያው መስኮት ይንቀሳቀሳል። ምልክቱ፥ ክፍሉ ለብቻው ሲሆን በደኅና መሥራቱ፥ መንታ ሲሆን ግን መታመሙ ነው። ደንቡ ለዚህ መድኀኒት አለው፤ እያንዳንዱ መስኮት በስሞቹ ፊት የሚያደርገው የራሱ መለያ ይሰጠዋል፤ ሠሪው ይህን መለያ መጠቀም ብቻ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነው። መያዣው ለአንድ ፖርትሌት ብዙውን ጊዜ የሚያስነሣው አንድ አካል ብቻ ሲሆን፥ ያ አንድ አካል የብዙ ሰዎችን ጥያቄ በአንድ ጊዜ ያስተናግዳል። ሠሪው የባለጕዳዩን ስም በዚህ የጋራ አካል ላይ ቢያስቀምጥ፥ የአንዱ ሰው ምስጢር በሌላው ሰው ገጽ ላይ ሊታይ ይችላል። አንድ ሰው ብቻውን ሲሞክረው ምንም ስሕተት አይታይም፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ቅጽበት ሲሠሩበት ግን ይገለጣል። ስለዚህ የጋራ ክፍል የሚመረመረው በአንድ ሰው እጅ ብቻ ሊሆን አይገባም።

ለሹማምንት የሚጠቅሙ ጥያቄዎች

ማንኛውም የሥራ ኀላፊ፥ የፕሮግራም ሞያ ባይኖረው እንኳ፥ እነዚህን ጥያቄዎች ለባለሞያው ሊያቀርብ ይችላል። ስሕተቱ የሚታየው በአንድ ገጽ ነው ወይስ በሁሉም? በሁሉም ከሆነ ጥፋቱን በጋራው ክፍል ወይም ከእርሱ በታች ባለው ፈልገው። ክፍሉ በባዶ ገጽ ላይ ለብቻው ሲተከል ይታመማልን? ስሕተቱ ከመጀመሩ በፊት በመጨረሻ የተለወጠው ነገር ምንድን ነው? በስሕተት መዝገቡ ላይ የተጻፈው ምን ይላል? እርማቱስ ከተደረገ በኋላ፥ በስሕተቱ ዘመን የተመዘገበው ነገር ሁሉ ታርሟልን? ከሁሉ በላይ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ የተለወጠውም በደብተር ይጻፍ።

ይህ ምክር ለእኛም አገር መሥሪያ ቤቶች የሚያገለግል ነው። ከውጭ የሚመጣው የቀን መምረጫ ክፍል የተሠራው 12 ወር ብቻ ላለው ዓመት ነው፤ የእኛ ዓመት ግን 13 ወር አለው፤ ጳጉሜንም አንዳንድ ጊዜ 5፥ አንዳንድ ጊዜ 6 ቀን ትሆናለች። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ 6 ቀን ሆና ነበር። እንደዚህ ያለውን ክፍል የሚረከብ ሹም፥ ጳጉሜን 6 ቀን የተወለደ ሕፃን በመዝገቡ ላይ በትክክል መጻፉን አስቀድሞ ቢፈትን፥ በኋላ ከሚመጣው የብዙ ሰው እንግልት ይድናል። በሰዓቱም በኩል፥ ከላይ በተነገረው ሠንጠረዥ ውስጥ የአዲስ አበባ ስም ወደ ናይሮቢ መስመር የሚያመለክት መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል፤ የጁባን ነገር ያስታውሷል።

በኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ ከከተማው ነዋሪዎች እጅግ ብዙዎቹ ወደ ሌሎች የሱዳን ክፍሎች፥ ወደ ግብፅ፥ ወደ ኢትዮጵያና ወደ ሌሎችም ጎረቤት አገሮች ተሰደዱ፤ ባለሞያዎቹም ከእነርሱ ጋር ተበተኑ። ኮምፒዩተርን ተሸክሞ መሸሽ ለብዙዎች አልተቻለም። የሥራ ልማድ ግን ከሰው ጋር ይሄዳል። ያን ቀን ጧት ሕፃን ያዘለችው ሴት በሰዓቱ ደርሳ ሳለ «ጥፋቱ የእርስዎ ነው» ተብላ ነበር። ማንም ባለሞያና ማንም ሹም በባለጕዳዩ ላይ ይህን ቃል ከመናገሩ በፊት፥ ወረቀቱን በአንድ እጁ ይዞ የግድግዳውን ሰዓት አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ቢመለከት፥ ምርመራው በትክክለኛው ስፍራ ተጀመረ ማለት ነው።